ያልተለበሰ ጨርቅ አይባልም

«በኪሎ ሠላሳ? ኧረ ትንሽ ጨምርበት፣ አዲስ ነው እኮ፤ አንዱም አልተለበሰም!» ሲል ወንድሟን የሰማችው ከመለኪያ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ሆና፣ አምስት እስፒል በከንፈሯ ነክሳ ነው። አምስት እስፒል የነከሰ ሰው አይጮህም። ልጩህ ቢል እስፒሉ የሚሄደው ወደ ጉሮሮው ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ሳይነግራት ከሥራው ተምራዋለች። ስለዚህ አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች ክንዷ ላይ ያሰረቻት ትንሽ ትራስ ላይ ትሰካቸው ጀመር። አራተኛው ላይ ስትደርስ ወንድሟ «እሺ በቃ፣ አሥር ሰዓት ላይ መኪናህን አምጣ። ለጋራዥ መወልወያ አደረግከው፣ ፍራሽ ሞላህበት፣ የራስህ ጉዳይ ነው» አለና ስልኩን ዘጋ። አምስተኛውን እስፒል ለረጅም ጊዜ ሳታወጣው ቆመች።

ሱቁን የሰፈሩ ሰው የወፍ ሱቅ ይለዋል። የሚሸጠው ሸሚዝና ቀሚስ ሁሉ አንገትጌው ዙሪያ በክር የተጠለፉ ትንንሽ ወፎች ስላሉት ነው፤ ለሸሚዝ አሥራ አንድ፣ ለቀሚስ አሥራ ሰባት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይበራሉ። የምትቆርጠውም የምትሰፋውም የምትጠልፈውም እሷ ናት። ታላቅ ስለሆነች ወንድሟ እትዬ ይላታል፤ ሰፈሩም ከእሱ አፍ ሰምቶ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ብሏት ቀረ። እሱ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ላለፈ ላገደመው ቱሪስት «ሄሎ! ሄሎ!» ሲል ስለኖረ ጋሽ ሄሎ የሚል ስም ወጣለት። በደጉ ጊዜ አውቶቡሱ የሚቆመው ልክ ከሱቁ ፊት ለፊት ነበር። ኮረብታው ላይ ያለውን አሮጌ ምሽግ ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ከአውቶቡሱ ወርዶ ወገቡን ሲያፍታታ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የእሷ ወፎች ላይ ነው። በሳምንት ሠላሳ ልብስ የሄደበት ወቅት ነበር፤ ያኔ ሦስት ሴቶች ተቀጥረው ስፌቱን ለእነሱ ትታ እሷ ወፍ ብቻ ትጠልፍ ነበር። በኋላ አዲስ መንገድ በኮረብታው ጀርባ ተቆረጠ። አውቶቡሱ አሁን በዚያ በኩል ሽው ብሎ ትልቁ ሆቴል ግቢ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ባለው ሱቅ የእሷኑ ወፎች ከሸሚዟ ላይ ገልብጦ ቲሸርት ላይ የሚያትም ማሽን አለ፤ በደቂቃ አሥራ ሁለት። የሸሚዙ ዋጋ ከዘጠኝ መቶ ወደ ስድስት መቶ፣ ከስድስት መቶ ወደ አራት መቶ ወረደ፤ ቀጥሎ «ሁለት ለገዛ አንድ በነፃ» ተባለ፤ እሱም አልሆነም። መጨረሻ የተሸጠው የዛሬ አምስት ሳምንት ነው፤ እሱንም የገዛችው ሽንት ቤት የት እንደሆነ ልትጠይቅ ገብታ ዝም ብሎ መውጣት ያሳፈራት ሴትዮ ነበረች።

ሱቁ አንድ ሕግ ነበረው፤ የአካባቢው ሰው አይለብስም። ጋሽ ሄሎ «ቱሪስት ይህን ሸሚዝ ሊስትሮ ላይ ካየው ዘጠኝ መቶ አይከፍልም» ይል ነበር። በሌላ በኩል ቱሪስቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «እናንተም ትለብሱታላችሁ?» ይላል። ጋሽ ሄሎም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ በሰባት ቋንቋ፣ «እሑድ እሑድ እንለብሰዋለን» ይላል። ይህን ሲል የሰማ ጎረቤት ሁሉ ይስቅ ነበር። እትዬ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አትስቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፋችውን ልብስ ለብሶ የሚሄድ ሰው በመንገድ አይታ አታውቅም። ይታጠፋል፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አውቶቡስ ላይ ይወጣል፣ በቃ።

መጋረጃውን ገለጠችው።

«ምኑን ነው በኪሎ የምትሸጠው?»

«ሰማሽ እንዴ?»

«መጋረጃ ግድግዳ ነው እንዴ?»

ጋሽ ሄሎ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ሲያፍር ልማዱ ነው። «እትዬ፣ ክፍሉን ነገ አዲሱ ተከራይ፣ ስልክ ሻጩ፣ ይረከበዋል። ይህን ሁሉ የት ላድርገው? ቤት እንዳልወስደው አልጋ ሥር እንኳ ሞልቷል። በኪሎ ለሚገዛው ለባለሚዛኑ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አለቀ።»

«ጨርቅ ነው አልከው።»

«ታዲያ ምን ልበለው? ሐር?»

«ጨርቅ ማለት ተለብሶ፣ ታጥቦ፣ ክርኑ ሳስቶ፣ ኮሌታው ተገልብጦ፣ ልጅ ተጠርጎበት ያለቀ ልብስ ነው። ያልተለበሰ ጨርቅ አይባልም። አንዴ እንኳ ገላ ያልነካው እንዴት ብሎ ጨርቅ ይሆናል? ያልተወለደ ይቀበራል?»

እሱ መነጽሩን አጥልቆ ወደ ደጃፉ ዞረ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲኖሩ የተነጋገሩት ቢሰበሰብ ግማሹ ክር፣ ሩቡ ቁጥር ነው፤ «ትልቅ አለ?» «መካከለኛ ነው ያለው»፤ የቀረው ዝምታ ነው። ዝምታው የጠብ አልነበረም። አንዱ ያለ ሌላው ሱቁን እንደማያቆመው ስለሚያውቁ፣ ነገር ከመጣ ሁለቱም ወደየፊናቸው ዞር ይላሉ፤ እሱ ወደ ደጃፉ፣ እሷ ወደ መጋረጃዋ። ዛሬ ግን አልዞረችም።

«ቃልህን አላፈርስብህም» አለችው። «ሱቁም ልብሱም የአንተ ነው፣ ይሂድ። ግን ጨርቅ ሆኖ ይሂድ። እስከ አሥር ሰዓት ለእኔ ተወው።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላስለብሰው።»

«ማንን?»

በአገጯ መንገዱን አሳየችው።

ጋሽ ሄሎ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው። እትዬ አንዴ አልኩ ካለች ውሃ ቢወርድ፣ ሰማይ ቢሰነጠቅ አትመለስም፤ አባታቸው «ይህችን ልጅ ከማሳመን በቅሎ ማስወለድ ይቀላል» እያለ ነው የሞተው። «እንግዲህ አንዱም አይመለስም፣ እወቂ!» ብሎ ብቻ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። «እንኳን ልብስ፣ ይሄ መንገድ የበር መጥረጊያ አስቀምጠሽበት አይገኝም።»

መሰላሉን አቁማ ከጣሪያው ሥር ካለው እርከን ካርቶኖቹን አወረደች። አሥራ አንድ ካርቶን ነበር። በጠረጴዛው፣ በወንበሮቹ፣ በመሬቱ ላይ ስትዘረጋው ክፍሉ መቆሚያ አጣ፤ መቶ ዘጠና ሦስት ልብስ። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አይታው አታውቅም ነበር። አንዱን ስትጨርስ አንዱ ይሄዳል እንጂ ማን ይሰበስበዋል! እንዳትረግጥበት እግሯን አጣብቃ ቆማ ተመለከተችው። ከሁለት ሺህ በላይ ወፍ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወፎች ወፍራም ናቸው፣ ክር ሳትቆጥብ የጠለፈቻቸው። እናታቸው የሞተች ዓመት የተጠለፉት ክንፋቸው አጭር ነው፤ ያኔ እንዳሳጠረችው እንኳ አላወቀችም ነበር። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የጠለፈቻቸው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ከሁሉም ይልቅ የሚበሩ ይመስላሉ። እጇን አገላብጣ አየችው፤ አውራ ጣቷ ጠፍጣፋ፣ ሌባ ጣቷ በመርፌ የተበሳሳ። «አንተ ነህ እንዴ?» አለችው፣ እጇን።

ጨርቄን ማቄን ሳትል አሥር ሸሚዝ በክንዷ ላይ ደርባ ወጣች። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ መንገዱ ሞቅ ብሏል። መጀመሪያ ያስቆመችው ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ «ስንት ነው?» አላት። «በነፃ» አለችው። ይህን ሲሰማ እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ሁለተኛው «ምን አለበት?» ብሎ ልብሱን በሁለት ጣቱ ያዘና አሸተተው። ሦስተኛዋ ጭራሽ «የሞተ ሰው ነው?» አለች። ሰው በዋጋ ከሚጠራጠረው ይልቅ በነፃ የሚጠራጠረው ይብሳል። ከመንገዱ ማዶ፣ ዳቦ ሻጯ ከመስታወት ሣጥኗ ጀርባ ሆና ስታይ ቆይታ፣ «እትዬ፣ ምነው በሰላም ነው? ጋሽ ሄሎ እህቱ ጨርቋን ጣለች ይላል!» አለቻት።

«ጨርቅ የሚጥልስ እሱ ነው፣ በኪሎ!» አለች እትዬ። «እኔማ እያለበስኩ ነው። ነይ አንቺም ልበሺ!»

«እኔ? ያንን የዘጠኝ መቶ ብር?» ዳቦ ሻጯ ሳቀች፤ ግን አልተነሣችም።

ያኔ ነው ዘንበል የመጣው። ዘንበል በዚያ መንገድ ላይ ሲሚንቶም ስኳርም ቁም ሣጥንም የሚሸከም ሰው ነው። ዕድሜውን ሁሉ በግራ ትከሻው ስለተሸከመ ግራው ከቀኙ ወርዶ ቀርቷል፤ ቆሞ እንኳ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስላል፣ ስሙም ከዚያ ነው። «እትዬ፣ የሚሸከም ነገር አለ?» ብሎ ቀረበ።

«አለ። ይህንን ተሸከም» አለችና ሸሚዝ አቀበለችው። «እስከ መታጠፊያው ሄደህ ትመለሳለህ። ስትመለስ ትሰጠኛለህ። ሌላ ነገር የለውም።»

«እኔ ከለበስኩት ማን ይገዛዋል?»

«የሚገዛው ተገኝቷል። ልበስ ስልህ ልበስ።»

ዘንበል እጁን በሱሪው ላይ ጠረገና ለበሰ። እትዬ ቁልፉን ቆለፈችለት፤ ልማዷ ነውና ትከሻውን ልታስተካክል እጇን ሰደደች፣ የሚስተካከል አጣች። ሸሚዙ ቁጭ ብሏል። ስፌቱ በግራም በቀኝም ትከሻው አጥንት ላይ ልክክ ብሎ፣ ወፎቹ በአንገቱ ዙሪያ ሳይዛነፉ፣ ጀርባው ሳይጨማደድ። ኋላ ሄደች፣ ፊት መጣች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ልብሷ ሰው ላይ እንዲህ ሲቀመጥ አይታ አታውቅም። ቱሪስቶቹ መለኪያ ክፍል ውስጥ ለብሰው ሲወጡ ሁልጊዜ ግራ ትከሻቸውን ጎተት ጎተት ያደርጋሉ፤ እሷና ወንድሟም በዚህ ጉዳይ ተመካክረው የደረሱበት ነገር ነበራቸው፤ ቱሪስት ካሜራ እያንጠለጠለ ስለሚኖር አንድ ትከሻው ከፍ ብሎ ይቀራል፣ በቃ ያ ሕዝብ አፈጣጠሩ ነው ብለው አምነው ተቀምጠው ነበር።

ዘንበል በሱቁ መስኮት መስታወት ራሱን አየና ድምፁ ተለወጠ። «እትዬ» አለ፣ «ለእኔ ተለክቶ ነው እንዴ የተሰፋው? እኔ ልብስ ሲበቃኝ አይቼ አላውቅም።»

ቀና ብሎ እስከ መታጠፊያው ሄደ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ዘንበል አላዘነበለም።

እትዬ ግን የሄደችው ወደ ውስጥ ነበር። ጥግ ላይ ልብስ የምትለካበት ራስ የሌለው የእንጨት ገላ አለ፤ ጋሽ እንጨቱ ይሉታል። የልብሱ ሁሉ ልክ የወጣው ከእሱ ላይ ነው። ሱቁ የተከፈተ ሳምንት ከመሰላል ላይ ወድቆ ትከሻው ተገንጥሎ ነበር፤ ወንድሟ በምስማር መትቶ አቆመው፣ «ከበፊቱ ይሻላል» አለ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካችው። ከአንገት እስከ ቀኝ፣ ከአንገት እስከ ግራ፤ ከመሬት እስከ ቀኝ፣ ከመሬት እስከ ግራ። ግራው በሁለት ጣት ወርዷል። ደግማ ለካች። ሁለት ጣት። ካርቶን ላይ ተቀመጠች። በየአገሩ፣ ስሙን በማታውቀው ከተማ፣ በረዶ በሚወርድበትና በማይወርድበት ቦታ፣ ስንት ሺህ ሰው ነው መስታወት ፊት ቆሞ ግራ ትከሻውን እየጎተተ ያለው? ከእነዚያ ሁሉ አንድስ እንኳ ተመልሶ «ጠማማ ነው» ያላት የለም። ሁሉም ጠማማው እኔ ነኝ ብሎ ይሆናል። ሳቋም መጣ፣ ልቅሶዋም መጣ፤ ሁለቱም በር ላይ ተገፋፍተው ሳይወጡ ቀሩ።

«ና እስቲ» አለችው ወንድሟን። «ጋሽ እንጨቱን እየው።»

ጋሽ ሄሎ አየ። ሜትሩን አየ። መነጽሩን አውልቆ ወለወለና ደግሞ አየ። «በምስማር የመታሁት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ መለሰች።

ስትወጣ ዳቦ ሻጯ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ለዘንበል የሰጠሽውን ለእኔ ከልክለሽ ነው?» አለች። ከእሷ በኋላ ነገሩ እንደ ደራሽ ውሃ ሆነ። ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ የባንኩ ዘበኛ ጠመንጃውን ለጓደኛው አስይዞ መጣ፤ ሊስትሮው መጣ፤ ከከተማ አውቶቡሱ ፌርማታ ሰልፍ ላይ ያሉት «ተራችንን ያዙልን» እየተባባሉ መጡ። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆማ አንድ በአንድ ታለብሳለች። «አንተ ቀጭኑ፣ ትንሹን ውሰድ። አንቺ፣ እጅሽን አንሺ፣ አዎ፣ ታጥበሻል? እሺ ግድ የለም። እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ ወዲያ አትሂዱ!» ለአብዛኛው ሰው ሸሚዙ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ ሰዉም ግራ ትከሻውን ከፍ እያደረገ መራመድ ጀመረ። ከሩቅ ላየው መንገዱ ሁሉ የማይታይ ነገር የተሸከመ ይመስላል። «እትዬ፣ ይሄ ትከሻው ምን ሆኖ ነው?» ሲሏት «እኔ ነኝ ያጠመምኩት፤ ቻሉት» ትላለች።

ሲመለሱ እያወለቁ ይሰጧታል። እዚህ ላይ ነው እትዬ ያልጠበቀችው ነገር የመጣው። ልብሱ ይሞቃል። ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው ልብስ ቀዝቃዛ ነው፤ ከካውያ ሲወጣ ቢሞቅም ያ የብረት ሙቀት ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። ይህኛው ሌላ ነው። የሰው ሙቀት በብብቱ በኩል፣ በጀርባው በኩል ተይዞ ይቀራል፤ አንዱ ዳቦ ይሸታል፣ አንዱ ቀለም፣ አንዱ ሳሙና። እያንዳንዱን ስታጥፍ እጇን ትንሽ ታቆየዋለች። ዘንበል የራሱን ማንም እንዲያጥፍለት አልፈለገም፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ሰነድ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ሰጣት። «ልውሰደው» አላለም። እሷም «ውሰደው» ማለት ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልብሱ የእሷ ስላልሆነ ዋጠችው።

ስድስት ሰዓት ላይ የወንድሟ ልጅ ለምሳ ብቅ አለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ። መንገዱን አይታ አፏን ይዛ ቆመች። ይህች ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንዲት ሰማያዊ ባለወፍ ቀሚስ ለምና ነበር፤ አባቷ «ሕግ ሕግ ነው» አላት። ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ ከዚያ ወዲያ ሱቁ ውስጥ ስትገባም ወደ መስቀያው አታይም። እትዬ ምንም ሳትናገር ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ አባቷን አየችው። አባትየው ባንኮኒው ላይ የሌለ አቧራ ይጠርግ ነበር። ጋዋኑን አውልቃ ለበሰች፤ መስታወቱ ፊት ሄዳ ቆመች፤ ረጅም ጊዜ። ቀሚሱ ጠቧት ነበር፣ ግራው ትከሻ ወርዶ ነበር፣ ግን አልጎተተችውም።

«አባዬ» አለች ወደ መስታወቱ እያየች፣ «ያኔ ብለብሰው ኖሮ ምን እሆን ነበር?»

ጋሽ ሄሎ መጥረጊያውን አስቀመጠ። «ቆንጆ» አለ።

እሷም እስከ መታጠፊያው ሄዳ ተመለሰች፤ አጥፋ ሰጠች፤ ምሳዋን ሳትበላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የለበሰ ሰው ካልለበሰው በዝቶ ነበር። አንድ ታክሲ መንገድ ተሳስቶ እዚያ ውስጥ ገባና ማለፊያ አጥቶ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት ባልና ሚስት ቱሪስቶች ናቸው። መስታወቱን ዝቅ አድርገው አዩ፤ ዳቦ ሻጯ ባለወፍ፣ ዘበኛው ባለወፍ፣ ሊስትሮው ባለወፍ፣ ሁሉም ግራ ትከሻውን ከፍ አድርጎ በክብር እየሄደ። ሰውየው ካሜራው ደረቱ ላይ ነበር፤ አላነሣውም። ወርዶ ጋሽ ሄሎን በቋንቋው ጠየቀው። ጋሽ ሄሎም መለሰለት። ዘበኛው «ምን አለ?» ሲል፣ ጋሽ ሄሎ «ዛሬ በዓል ነው ወይ አለኝ» አለ። «አንተስ ምን አልከው?» «በዓል አይደለም፣ ማክሰኞ ነው አልኩት።»

ሰውየው አንዱን ሸሚዝ በጣቱ ነክቶ ዋጋውን ጠየቀ። ጋሽ ሄሎ አፉን ከፈተ። በሰባት ቋንቋ ዋጋ ሲጠራ የኖረ አፍ ነው፤ አሁን ግን ቁጥሩ አልመጣለትም። ዘጠኝ መቶ ነው? አራት መቶ ነው? በኪሎ ሠላሳ ነው? ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ፣ ስንት ልበለው?»

«እኔ መርፌ እንጂ ዋጋ መቼ አውቃለሁ? ሽጥለት፣ ማን ከለከለህ።»

ጋሽ ሄሎ በጣቱ ቁጥር ሊያሳየው ሞከረ፤ ጣቱንም መልሶ አጠፈው። ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ፤ ሚስትየዋ ጠራችው፤ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠና ሄደ። በአምስት ሳምንት አንድ የመጣ ገዢ! እትዬ ወንድሟ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን መንገዱን ነበር የሚያየው፤ ሕይወቱን ሙሉ ሲናገርለት የኖረውን አገር ገና ዛሬ እንደሚያየው ሰው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አንድ ሸሚዝ ቀረ። መቶ ዘጠና ሁለቱ ለብሰው፣ ሄደው፣ ተመልሰው፣ ታጥፈዋል። አንድ አልጎደለም። እትዬ የመጨረሻውን ይዛ ባንኮኒው ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሄሎ አልተከራከረም። ሸሚዙን አወለቀ፣ ባለወፉን ለበሰ፤ ሆዱ ላይ ሁለቱ ቁልፎች አልገጠሙም። ሲወጣ መንገዱ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ሊስትሮው «ሄሎ!» ብሎ ጮኸና ሁሉም ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እስከ መታጠፊያው ሄደ። ሲመለስ አልሳቀም። አውልቆ በእጇ ላይ አስቀመጠው፤ «ከባድ አይደለም» አለ፤ «ክብደት ያለው ይመስለኝ ነበር።»

አሥር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ባለሚዛኑ ፈጣን ሰው ነው፤ የልብስ ነገር ስሜት አይሰጠውም፣ በቀን ሁለት ሦስት ሱቅ ይገለብጣል። ልብሱን በአራት ጆንያ አጨቀው። የመጀመሪያውን ጆንያ አቅፎ ወደ ሚዛኑ ሲያነሣ ግን ፊቱ ተለወጠ። መልሶ አስቀመጠው፤ መዳፉን በጆንያው ሆድ ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ቆየ።

«ምን አድርጋችሁበታል?» አለ። «እኔ ትኩስ ጨርቅ ተሸክሜ አላውቅም።»

«ተለብሷል» አለች እትዬ። «አሁን ጨርቅ በለው።»

ባለሚዛኑ አላለውም። ዝም ብሎ መዘነ፤ ሰባ ሰባት ኪሎ። ዘንበል ሳይጠሩት መጥቶ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በግራ ትከሻው ተሸክሞ ጫነለት። መኪናው ተነሣ። ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ነው፤ ማንም ወደ ጉዳዩ አልሄደም። እትዬ ባዶ እጇን በሥራ ጋዋኗ ጠረገች። ያለችውን አድርጋለች፤ ደረቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር አልተቀመጠላትም፣ ምን እንደሆነም አላወቀችውም።

«እትዬ» አላት ወንድሟ። አጠገቧ መምጣቱን አላስተዋለችም። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺ የትኛውን ለበስሽ?»

ስታለብስ ስትቆልፍ፣ ስትቀበል ስታጥፍ ውላ፣ ጭራሽ ትዝ አላላትም። ዛሬ ብቻም አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ሄሎ ሮጠ። ሲሮጥ ታይቶ የማያውቅ ያ ወፍራም ሰው በመንገዱ መሐል መነጽሩን በእጁ ይዞ «ቁም! አንዴ ቁም በለው!» እያለ ሮጠ። መንገደኛው ተቀባብሎ ጮኸ፤ መኪናው መታጠፊያው ላይ ቆመ። ከኋላ ተንጠልጥሎ አንዱን ጆንያ ፈታ፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደና ጎትቶ አወጣ። ሲመለስ ትንፋሹ ተቆራርጦ መናገር አልቻለም። ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ ወፎቹ ክንፈ አጭር። በሥራ ጋዋኗ ላይ አለበሳት፤ ጣቱ እየተደናበረ ከላይ እስከ ታች ቆለፈላት። ዕድሜውን ሁሉ ልብስ የሸጠ ሰው ለሰው ቁልፍ ሲቆልፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ሸሚዙ ሞቃት ነበር፤ የማን ሙቀት እንደሆነ አላወቀችም፤ የአንድ ሰው ብቻ አይመስልም።

«እስከ መታጠፊያው ሂጂ» አላት።

ሄደች። መንገዱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ የራሷን ጫማ ድምፅ ሰማች። ግራ ትከሻዋ ላይ ስፌቱ በሁለት ጣት ወረደ፤ አልነካችውም። ባለሚዛኑ ከመኪናው ወርዶ መታጠፊያው ላይ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር፣ እንድትመልስለት። ደረሰች። አየችው። አለፈችው።

«እትዬ! ኧረ ልብሱ! ተመዝኗል እኮ!»

ከኋላዋ ሲከተላት የመጣው ጋሽ ሄሎ የለበሰውን የራሱን ሸሚዝ ቁልፍ በቁልፍ አወለቀ፤ በካናቴራ ቀረ፤ በሰው ሁሉ ፊት ጠቅልሎ ለባለሚዛኑ ወረወረለት። «እንካ፣ ሚዛንህን ሙላበት!»

ባለሚዛኑ ሸሚዙን በአየር ላይ ቀለበው፤ በመዳፉ ጨብጦ ቆየና «ይሄም ትኩስ ነው» አለ። የሚሰማው ቢያጣ ወደ እትዬ ዞረ። እሷ ግን ማንም በዚያ ቀን ባለወፍ ለብሶ አልፎት ያልሄደውን መታጠፊያ ታጥፋ፣ ወፎቿን ይዛ ከዓይን ተሰውራ ነበር።